ከፍሬሞና እስከ መካኒሳ፦ ጎልማሶች ወደ ካቶሊክ እምነት የሚገቡበት መንገድ

ከሳር ቤት ወደ መካኒሳ በሚወስደው መንገድ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው «ቫቲካን! ቫቲካን!» የሚለውን የረዳቶች ጥሪ ሳይሰማ አይውልም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እዚያ ካለው የቅድስት መንበር ኤምባሲ ነው። መካኒሳ ላይ የዶን ቦስኮ ሳሌዥያን ማኅበር አለ፤ የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪም እዚያው መካኒሳ ነው። ጀሞ፣ ለቡ፣ ጎፋ፣ ሳሪስና ሐና ማርያም ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ የመጣ ሰው በኮንዶሚኒየምና በኪራይ ቤት ጎን ለጎን የሚኖርባቸው ሰፈሮች ናቸው። እነዚህ ሰፈሮች በሚገኙበት በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የእምነት ጥያቄ በዕድር፣ በሠርግና በለቅሶ ቤት ሳይቀር ይነሣል።

የሰፈሩ ስም በሁሉም አፍ ይጠራ እንጂ ካቶሊኮቹ ጥቂት ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በመላ አገሪቱ ካለው ሕዝብ 0.7 በመቶው ካቶሊክ መሆኑን አሳይቷል፤ በአዲስ አበባ ቁጥሩ ከግማሽ በመቶ በታች ነበር። ስለዚህ አንድ ጎልማሳ «ካቶሊክ መሆን እፈልጋለሁ» ሲል ዘመድም ጎረቤትም ይገረማል፤ ምን እንደሚጠየቅ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ እንደገና ይጠመቅ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይበዛም። አንዳንዱ ቅጽ ሞልቶ ስም ማስመዝገብ ይመስለዋል። ሌላው አንድ ቀን ተጠምቆ መመለስ ይመስለዋል።

መንገዱ ግን ረጅም ነው፤ ታሪኩም ከመንገዱ ይረዝማል። ከአክሱም ዘመን እስከ ዛሬ ያለውን ስንቃኝ አንድ እውነት ደጋግሞ ይመጣል። ዝግጅቱ በነፃ ፈቃድና በትዕግሥት በተካሄደበት ዘመን እምነቱ ሥር ሰደደ፤ በትእዛዝና በጥድፊያ በተካሄደበት ዘመን ብዙ ደም አፍስሶ ተነቀለ። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሦስት ዓመቱ ደጅ ጥናት

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ ብዙ ጊዜ የፈጣን ጥምቀት ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ፊልጶስ ሠረገላው ላይ ወጣ፣ አስተማረው፣ ውኃ ካለበት ሲደርሱ አጠመቀው። ታሪኩን ልብ ብሎ ላነበበው ግን ሰውየው ያን ቀን እንግዳ አልነበረም። ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ መመለሱ ነው፤ በእጁ የነቢዩ የኢሳይያስ መጽሐፍ ነበር፤ ያነበበው ስላልገባውም አስተማሪ እየፈለገ ነበር። ጥምቀቱ በአንድ ቀን ተፈጸመ፤ ዝግጅቱ ግን ከዚያ በፊት ረጅም መንገድ ተጉዟል።

የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ይህን ዝግጅት በሥርዓት አቆመችው። ለሮማው ሂጶሊጦስ የሚሰጠው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ለመጠመቅ የሚመጣ ሰው ሦስት ዓመት ቃሉን እንዲሰማ ያዛል። ሰውየውን ወደ መምህሩ ያመጡት ሰዎች ይመሰክሩለታል፤ ትዳሩ፣ ኑሮውና ሥራው ይመረመራል፤ ጣዖት የሚሠራ ወይም በመጫወቻ ሜዳ ሰው የሚገድል ከሆነ ሥራውን ይተዋል። ሦስት ዓመቱ ሲያበቃ የሚጠየቀው ደግሞ የሸመደደው ብቻ አይደለም፤ መበለቶችን አክብሮ እንደሆነ፣ ሕሙማንን ጠይቆ እንደሆነ፣ በጎ ሥራ ሠርቶ እንደሆነ ይጣራል። ትጉ ሰው ከሆነ ጊዜው ሊያጥር ይችላል፤ የሚመዘነው ጠባዩ ነውና።

ይህ መጽሐፍ ለእኛ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። የግሪኩ መነሻ በአብዛኛው ጠፍቷል፤ ሊቃውንት መጽሐፉን መልሰው ለማቋቋም ከተመኩባቸው ቅጂዎች አንዱ በሲኖዶስ ውስጥ የሚገኘው የግእዝ ትርጉም ነው። በትግራይ በተገኘ ጥንታዊ ብራና ላይ ደግሞ ከግሪክ በቀጥታ የተተረጎመ ከዚያም የቀደመ የግእዝ ቅጂ አለ፤ ኢጣሊያዊው ሊቅ አሌሳንድሮ ባውዚ በ2011 አሳትሞታል። አዲስ አማኞች እንዴት እንደሚዘጋጁ የሚናገረውን ይህን ቅርስ ኢትዮጵያ ለዓለም ጠብቃ አቆይታለች።

አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከእስክንድርያው አትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብሎ ወደ አክሱም በተመለሰበት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በኢየሩሳሌም ቄርሎስ የተባለው ጳጳስ ለመጠመቅ የተመዘገቡትን በዐቢይ ጾም ያስተምር ነበር። ከጥምቀት በፊት የሰጣቸው 18 ትምህርቶች እስካሁን አሉ። በ380ዎቹ ኢየሩሳሌምን የተሳለመችው ኤጌሪያ የተባለች ሴት ተጠማቂዎቹ በየቀኑ ለሦስት ሰዓት ይማሩ እንደነበር በጉዞ ማስታወሻዋ አስፍራለች። በአክሱም የነበረው ዝግጅት በዝርዝር አልተጻፈልንም፤ ቅዳሴያችን ግን የዚያን ዘመን አሻራ እስከ ዛሬ ይዟል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶም ሆነ በግእዝ ሥርዓት በሚቀድሱ ካቶሊኮች ዘንድ ዲያቆኑ ከትምህርቱ ክፍል በኋላ ንኡሰ ክርስቲያንን ያሰናብታል። ያልተጠመቁት ቃሉን ሰምተው የሚወጡበት፣ የተጠመቁት ለቍርባኑ የሚቀሩበት ድንበር ይህ ነው።

ዘመን ሲያልፍ፣ ክርስትና የአገር ሃይማኖት ሲሆን፣ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን ክርስትና መነሣት ልማድ ሆነ። በሮማውም ዓለም ሕፃናትን ማጥመቅ ሲሰፋ የጎልማሶች ዝግጅት ቀስ በቀስ ጠፋ። ስንብቱ በቅዳሴው ውስጥ ቀረ፤ የሚሰናበቱት ግን እየታጡ ሄዱ። ፍትሐ ነገሥት አዲስ አማኞች ስለሚጠመቁበት ሁኔታ የሚለውን ይዞ ቆየ፤ ይህን መጽሐፍ በ1968 ወደ እንግሊዝኛ የተረጎሙት ደግሞ በኋላ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል የሆኑት አባ ጳውሎስ ፃድዋ ናቸው።

በዐዋጅ የመጣው እምነት

ካቶሊክነት ከኢትዮጵያ ጋር በሰፊው የተገናኘው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በሮም የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ በነበረው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ይኖር የነበረው ተስፋ ጽዮን የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን በ1548ና በ1549 አሳተመ፤ የኢትዮጵያን የጥምቀት ሥርዓትም በላቲን ተርጉሞ በ1549 ለአውሮፓ አንባቢ አቀረበ። ሮም የእኛን ጥምቀት ከአንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ እጅ ማንበቧ የመልካም ጅምር ምልክት ነበር።

ኢየሱሳውያን የሚባሉት የኢየሱስ ማኅበር አባላት በ1557 ከጳጳሱ ከአንድሬስ ዴ ኦቪዬዶ ጋር መጥተው በኋላ አድዋ አጠገብ ፍሬሞና ላይ ተቀመጡ። በ1603 የመጣው ፔድሮ ፓኤዝ ጥበበኛ ሰው ነበር። ቋንቋ ተማረ፣ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በአገሩ ቋንቋ አስተረጎመ፤ ያስተማራቸው ልጆች ይህንኑ በዐፄ ዘድንግል ፊት በቃላቸው አሰሙ። ዐፄ ሱስንዮስ ከዓመታት ውይይት በኋላ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ፤ በዚያው ዓመት ፓኤዝ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ትዕግሥቱ አብሮ አለፈ። በ1625 የደረሰው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ንጉሡን በየካቲት 1626 ደንቀዝ ላይ ለሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት መታዘዝን በመሐላ አስገባ። ሕዝቡ እንዲከተል ታዘዘ። ካህናት እንደገና ይሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናት እንደገና ይባረኩ፣ ሰው እንደገና ይጠመቅ ተባለ፤ ጾሙና በዓሉም ይለወጥ ተባለ። በአያት ቅድመ አያቱ ጥምቀት ክርስቲያን ነኝ የሚል ሕዝብ ባንድ ጀንበር ያልተጠመቀ ተደርጎ ተቆጠረ። ማንም ቀርቦ አልጠየቀውም፤ ማንም ጊዜ አልሰጠውም። ላስታ ተነሣ፣ ሌላውም ተከተለ፣ የወንድማማች ደም ፈሰሰ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት በዐዋጅ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያን ተባረሩ፤ ከዚያ በኋላ የገቡት የካፑቺን መነኮሳት አጋታንጆና ካሲያን በ1638 ጎንደር ላይ ተገደሉ።

ይህ ቁስል ለሁለት መቶ ዓመት አልሻረም። «ካቶሊክ» የሚለው ስም በብዙ ኢትዮጵያዊ ጆሮ የጦርነትና የመገደድ ስም ሆኖ ቀረ። ዛሬ በሳሪስ ወይም በጎፋ አንድ እናት ልጇ ካቶሊክ እሆናለሁ ሲላት የምትደነግጠው ከዚህ ትዝታ ጥቂቱን ተሸክማ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ስሕተቱ ነገሥታትና ጳጳሳት ለሌላው ሰው ልብ እነሱ መወሰናቸው ነበር።

አንድ ሊቅ፣ ብዙ ዓመት፣ አንድ ውሳኔ

በ1839 አድዋ የገባው የላዛሪስት ማኅበር አባል ዮስጢኖስ ዴ ያዕቆቢስ መንገዱን ለወጠ። የአገሩን ቋንቋ ተማረ፣ እንደ አገሩ መነኩሴ ለበሰ፣ እንደ አገሩ ሰው ጾመ፤ ቶሎ ለመስበክ አልቸኮለም። የግእዙን ሥርዓት አልነካም፤ አክብሮ ያዘው። ሕዝቡም አቡነ ያዕቆብ አለው። ወደ እርሱ የመጡት ሰዎች ታሪክ በአገራችን የጎልማሳ ዝግጅት ምን እንደሚመስል ከማንኛውም መመሪያ በላይ ያሳያል፤ ከሁሉም በላይ የአባ ገብረ ሚካኤል ታሪክ።

አባ ገብረ ሚካኤል በጎጃም በመርጡለ ማርያም አካባቢ በ1791 ገደማ የተወለዱ፣ አንድ ዓይናቸውን በልጅነት ያጡ ሊቅ ነበሩ። ጎንደር ላይ ተማሩ፣ አስተማሩ፤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ቅባትና ጸጋ እየተባለ ሊቃውንቱ በተከፋፈሉበት ዘመን እውነቱን ፍለጋ ከገዳም ገዳም ዞሩ፣ መጻሕፍት ፈተሹ። በ1841 ከእስክንድርያ ጳጳስ ለማምጣት ከተላከው ቡድን ጋር ወደ ካይሮ ተጓዙ፤ ዴ ያዕቆቢስም በጉዞው ነበር። ከካይሮ ሮም ደርሰው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ግሪጎርዮስ 16ኛን አዩ፣ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። ይህን ሁሉ አይተውም ወዲያው አልወሰኑም። ወደ አገር ቤት ተመለሱ፣ ከራሳቸው ወገን ሊቃውንት ጋር ተከራከሩ፣ መልስ ፈለጉ። ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገቡት በ1844 ነው፤ ዕድሜያቸው ከ50 አልፎ ነበር።

ማንም አላጣደፋቸውም። ዴ ያዕቆቢስ ሊቁን እንደ ተማሪ አላያቸውም፤ ከገቡ በኋላ አጋሩ አደረጋቸው። አባ ገብረ ሚካኤል በጓላ በተከፈተው የካህናት ትምህርት ቤት አስተማሩ፣ ለአገሩ ሰው የሚስማማ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በማዘጋጀት ረዱ፤ በ1851 ቅስና ተቀበሉ። በ1854 ጎንደር ላይ ታሰሩ፤ እግራቸው በግንድ ተጠረቀ፣ ተገረፉ፣ እምነታቸውን እንዲክዱ ተጠየቁ። አልካዱም። በነሐሴ 1855 በሰንሰለት ታስረው ከንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ጋር ሲጓዙ አረፉ። በ1926 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፁዕ ብለው ሰየሟቸው፤ ዴ ያዕቆቢስ ደግሞ በ1975 በጳውሎስ 6ኛ ቅዱስ ተባለ።

ሱስንዮስ ዘንድ በዐዋጅ የገባው እምነት በዐዋጅ ወጣ። አባ ገብረ ሚካኤል ዘንድ በጥያቄ የገባውን ግን ሰንሰለት አላወጣውም። ከዚህ በላይ ለዝግጅት ዋጋ ምስክር የሚሆን ነገር አላውቅም።

ከፊንፊኔ እስከ ናሙጎንጎ

በዚያው ዘመን የካፑቺኑ ጉልዬልሞ ማሳያ፣ በአገሩ አጠራር አቡነ ማስያስ፣ በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ ተልከው መጡ። በረጅም ዘመን አገልግሎታቸው ብዙ ጊዜ ተባረሩ፣ ተመለሱ፤ የፈንጣጣ ክትባት ሰጡ፤ በ1867 የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው አሳተሙ። ከ1868 ጀምሮ በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ በሸዋ ተቀመጡ፤ በፊንፊኔም ጣቢያ ነበራቸው። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት ማለት ነው። በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። ዛሬ በደቡብ አዲስ አበባ የሚማር ካቶሊክ ተማሪ ከተማው ራሱ ሳይኖር የተጀመረ ሥራ ወራሽ ነው።

የተረሳውን የጎልማሶች የረጅም ጊዜ ዝግጅት በዘመናዊው ዓለም ያስነሣው ደግሞ አፍሪካ ነው። ካርዲናል ላቪዤሪ ለመሠረቱት «ነጫጭ አባቶች» ለሚባለው ማኅበር በ1870ዎቹ መጨረሻ ያወጡት መመሪያ ጥምቀት ከአራት ዓመት ዝግጅት በፊት እንዳይሰጥ ያዘዘ ነበር። ብዙ ተጠማቂ መቁጠር የሚሲዮን ስኬት መለኪያ በነበረበት ዘመን ይህ ከባድ ውሳኔ ነው። ፍሬው ፈጥኖ ታየ። በኡጋንዳ ንጉሥ ሙዋንጋ ክርስቲያኖችን ሲያሳድድ የቤተ መንግሥቱ አገልጋይ የነበረው ቻርልስ ልዋንጋ አብረውት የነበሩትን ገና በትምህርት ላይ ያሉ ወጣቶች በአንዲት የመከራ ሌሊት አጠመቃቸው፤ ሰኔ 3 ቀን 1886 ናሙጎንጎ ላይ በእሳት ተቃጠሉ። 22ቱ የኡጋንዳ ሰማዕታት በጥቅምት 1964፣ የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ እየተካሄደ ሳለ ቅዱሳን ተባሉ።

ጉባኤው የመለሰው ሥርዓት

በኢትዮጵያ ከነጻነት በኋላ ነገሩ መልክ እየያዘ ሄደ። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሪቱን ለሚሲዮን ሥራ «ክፍት» እና «ዝግ» ብሎ ከፈለ፤ በኦርቶዶክስ አካባቢዎች ሰውን ወደ ሌላ ሃይማኖት መሳብ ተከለከለ፤ አዲስ አበባ ክፍት ሆነች። በ1951 አቡነ ኃይለ ማርያም ካሕሳይ በአዲስ አበባ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊኮች መሪ ሆነው ተሾሙ፤ በ1961 አዲስ አበባ የሊቀ ጳጳስ መንበር ሆና አቡነ አሥራተ ማርያም ይምሩ የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። በወላይታ፣ በከምባታና ሐዲያ፣ ከ1960ዎቹ ወዲህም በሲዳማ ካተኪስቶች (የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን) በየመንደሩ ጎልማሶችን በብዛት ያስተምሩ ነበር፤ ቄስ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ በሚደርስበት ቦታ ንኡሰ ክርስቲያኑን በስሙ የሚያውቀው ካተኪስቱ ነው። ከጉራጌ፣ ከወላይታ፣ ከከምባታና ከዓዲግራት አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የመጡት ቤተሰቦች ይህን ልማድ አብረው አመጡት።

የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ ከ1962 እስከ 1965 ሲካሄድ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ በግእዝ ሥርዓት ተቀደሰ፤ ከበሮና ጸናጽል በዓለም ጳጳሳት ፊት ተሰማ። በታኅሣሥ 1963 የጸደቀው የሥርዓተ አምልኮ ሰነድ የጎልማሶች ዝግጅት በየደረጃው እንደ ጥንቱ እንዲመለስ አዘዘ። በታኅሣሥ 1965 የወጣው የሚሲዮን ሰነድም ዝግጅቱ ዶግማና ትእዛዛትን መዘርዘር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ የክርስትና ሕይወት ሙሉ ልምምድ እንዲሆን አሳሰበ። አዲሱ የላቲን ሥርዓት ጥር 6 ቀን 1972 ታወጀ።

በዚህ ሥርዓት አራት ወቅቶች አሉ። በመጀመሪያው ሰውየው ይጠይቃል፣ ይሰማል፣ ያስባል፤ ገና ምንም ቃል አልገባም። ልቡ ሲያዘነብል በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይቀበሉታል፤ ግንባሩና የስሜት ሕዋሳቱ በመስቀል ምልክት ይባረካሉ፤ ከዚያ በኋላ ንኡሰ ክርስቲያን ነው። ሁለተኛው ወቅት ዋናው ትምህርት ነው፤ እንደ ሰውየው ሁኔታ ዓመታትም ሊቆይ ይችላል። ሦስተኛው በዐቢይ ጾም መግቢያ ስሙ ሲመዘገብ ይጀምራል፤ በጾሙ እሑዶች ይጸለይለታል፣ ጸሎተ ሃይማኖትና አቡነ ዘበሰማያት ይሰጡታል፤ በትንሣኤ ሌሊት ይጠመቃል፣ ሜሮን ይቀባል፣ ይቈርባል። አራተኛው እስከ ጰራቅሊጦስ ይዘልቃል፤ የተቀበለውን ምሥጢር ከምእመናን ጋር እየኖረ ይረዳል።

ዛሬ በነፋስ ስልክ ማን ይመጣል?

ለዝግጅት የሚመጡት ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ሕጉም አንድ ዓይነት አያያዝ አይሰጣቸውም። ያልተጠመቀ ሰው፣ ከሙስሊም ቤተሰብ የመጣ ይሁን ከሌላ፣ የንኡሰ ክርስቲያኑን መንገድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጓዛል። በ1983 የወጣው የላቲን ሕገ ቀኖና ቁጥር 865 ጎልማሳ ለመጠመቅ ፈቃዱን ሊገልጥ፣ ሊማር፣ በክርስትና ኑሮ ሊፈተንና ከኃጢአቱ ሊጸጸት እንደሚገባው ይደነግጋል።

ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የሚመጣው ግን እንደገና አይጠመቅም። የሜንዴዝን ዘመን ላስታወሰ ይህ አንድ መስመር ሦስት መቶ ዓመት የሚመዝን እርማት ነው። በ1990 የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ቁጥር 896 ከሚያስፈልገው በላይ ሸክም እንዳይጫንበት ያዛል፤ ቁጥር 897 እንደየሁኔታው በትምህርትና በመንፈስ ከተዘጋጀ በኋላ የካቶሊክ እምነትን በመመስከር ብቻ እንዲቀበሉት ይላል፤ ቁጥር 35 ደግሞ ሥርዓቱን እንደያዘ እንዲቀጥል ይፈልጋል። ስለዚህ የግእዙ ቅዳሴ፣ ዐቢይ ጾሙና የአገሩ የበዓል አቆጣጠር ከእርሱ ጋር ይቀጥላሉ። የክርስትና ስሙን አይለውጥም፤ ማዕተቡን አይበጥስም።

ከፕሮቴስታንት የሚመጣው ሰው ጉዳይ ጥንቃቄ ይሻል። በውኃ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም የተፈጸመ ጥምቀት የጸና ነው፤ በኢየሱስ ስም ብቻ የተፈጸመው አይቆጠርም። በዚህ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ግን ሌላ ነው። ሰውየው በሕፃንነቱ በ40 ቀኑ ተጠምቋል፤ ጎልማሳ ሲሆን ደግሞ በሌላ ጉባኤ እንደገና ተጠምቋል። የሚጸናው የመጀመሪያው ነው። የጽሑፍ ማስረጃ ከሌለ የታመነ አንድ ምስክር ይበቃል፤ እናቱ ወይም የክርስትና አባቱ ሊመሰክሩለት ይችላሉ። ከዚህ የተነሣ ዝግጅት የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ወደ እናቱ ቤት ተመልሶ ስለ ሕፃንነቱ ይጠይቃል። እኔ ይህን ከዝግጅቱ ሁሉ እጅግ ውብ ከሆኑት ክፍሎች አንዱ አድርጌ አየዋለሁ፤ አዲስ እምነት የሚፈልግ ሰው የተቀበለውን ጥንታዊ ስጦታ ያገኛልና።

ትምህርቱ እንደየቁምስናው (እንደየአጥቢያው) ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ሠራተኛው ሊመጣ በሚችልበት የማታ ሰዓት ይሰጣል። መምህሩ ቆሞሱ፣ ሲስተር ወይም ካተኪስት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ምሥጢራት፣ ዐሥርቱ ትእዛዛት፣ ጸሎት ይማራል፤ በ1992 የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም የተደራጀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥለው በተጠሩት አራት አዕማድ ነው። የክርስትና አባት ወይም እናት የሚመረጠው ለስም ብቻ እንዳይሆን ይመከራል። ቤተሰቡ ተቆጥቶ ያገለለውን ወጣት እሁድ ምሳ የሚጋብዘው፣ ሲታመም የሚጠይቀው እርሱ ነውና። ሂጶሊጦስ የጠየቀው ጥያቄ ዛሬም ይሠራል፦ ይህ ተማሪ የታመመ ጎረቤቱን ይጠይቃል ወይ? የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ በጊዜው ይከፍላል ወይ? ከእናቱ ጋር በሰላም ይነጋገራል ወይ?

የሠርግ ቀን እና የልብ ቀን

በዘመናችን ዝግጅቱን የሚፈታተነው ንጉሥ ወይም ጳጳስ አይደለም፤ የሠርግ ካርድ ነው። ካቶሊክ ሙሽራ ወይም ሙሽሪት ለማግባት ብሎ የሚመጣው ጎልማሳ ብዙ ነው፤ አዳራሹ ተከራይቷል፣ ቀኑ ተቆርጧል፣ ወራት ብቻ ቀርተዋል። ትምህርቱ ሁለት ወር ውስጥ እንዲያልቅ ይለመናል፤ ቆሞሱም ከርኅራኄ ይጣደፋል።

ይህን መናገር ያስፈልጋል፦ ለካቶሊክ ጋብቻ ሲባል ማንም ካቶሊክ መሆን የለበትም። ሕጉ ከተጠመቀ ካቶሊክ ካልሆነ ሰው ጋር ለሚደረግ ጋብቻ ፈቃድ፣ ካልተጠመቀ ሰው ጋር ለሚደረገው ደግሞ ልዩ ፈቃድ መስጠት ይቻላል ይላል። ሙሽራው በራሱ እምነት ጸንቶ በሰላም ሊያገባ ይችላል። ልቡ ወደ ካቶሊክ እምነት ካዘነበለ ከሠርጉ በኋላ ያለ ጥድፊያ ይማር። በሠርግ ቀን ምክንያት የገባ ሰው ከመልሱ ማግስት በቤተ ክርስቲያን የማይታይ ከሆነ የተጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ምሥጢሩ ራሱ እንደ መግቢያ ትኬት ተቆጥሯል።

ሁለተኛው አደጋ ከጥምቀት በኋላ ያለው ባዶነት ነው። ትንሣኤ ያልፋል፣ ነጭ ልብስ ይወልቃል፣ ክፍሉ ይዘጋል። አራተኛው ወቅት በወረቀት ላይ አለ፤ በብዙ ቦታ ግን ጥሩ መምህርና ጊዜ ያጣል። ከዓዲግራት ወይም ከሶዶ የመጣ ሰው የገጠሩን ማኅበር ጥሎ በጀሞ አምስተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ሲቀር፣ ቁምስናው በየአፓርታማው የሚሰባሰብ ትንሽ የጸሎት ቡድን ካላደራጀለት ያገኘውን ያጣዋል። በአገራችን ዕድርና ማኅበር ያቆሙ እጆች ይህን ለማድረግ አያንሱም።

ሦስተኛው ጉዳይ የፈቃድ ነፃነት ነው። የምሥራቁ ሕገ ቀኖና ቁጥር 586 ሰውን በማስገደድ ወይም በማይገባ መንገድ በመሳብ ማስገባትን በጥብቅ ይከለክላል፤ በተመሳሳይ ሰው ወደ እምነቱ እንዳይገባ የሚደረግን ማሳደድም ያወግዛል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27ም ማንም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ መብት እንዳለው ይደነግጋል። እርዳታ፣ የትምህርት ቤት ቦታ ወይም ሥራ በሃይማኖት ልዋጭ መሰጠት የለበትም። በመካኒሳው የዶን ቦስኮ ግቢ ኳስ የሚጫወት ልጅ ወይም ሙያ የሚማር ወጣት ካቶሊክ ባይሆንም የሚያገኘው አገልግሎት ያው መሆን አለበት። ቤተ ክርስቲያኗ ለሁሉም የሰጠችው እጅ ንጹሕ በሆነ ቁጥር እምነቷን የሚጠይቅ ሰው በነፃ ልብ ይጠይቃታል።

ከ1999 ጀምሮ የአዲስ አበባን ሀገረ ስብከት የመሩት ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነየሱስ በ2015 ካርዲናል ሲሆኑ፣ በዚያው ዓመት በአማራ ክልል የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከት ተቋቋመ። ቤተ ክርስቲያኗ አባ ገብረ ሚካኤል በተወለዱበት አገር መንበር አገኘች። ይህ በቁጥር መብዛት አይደለም። በጥንቃቄ የመጀመር ዕድል ነው።

ስለዚህ በነፋስ ስልክ ላሉ ቁምስናዎች፣ ለካተኪስቶችና ለክርስትና አባቶች እናቶች የምለው አለኝ። ለመግባት የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ እንዲጠይቅ ፍቀዱለት፤ ሁለተኛ ከቤተሰቡ ጋር ያለውን ሰላም እንዳያፈርስ እርዱት፤ ሦስተኛ ጊዜውን አታሳጥሩበት። ከዓመት በላይ ቢፈጅ አትፍሩ። የተማረው ቢቀር፣ ልቡም ወደ ቀደመው እምነቱ ቢመለስ፣ በክብር ሸኙት። ታሪካችን በደም የጻፈው ትምህርት ይህ ነው፤ ሱስንዮስ በዐዋጅ ያጣውን አባ ገብረ ሚካኤል በትዕግሥት አገኙት። ዛሬም ከሁለቱ መንገዶች የትኛውን እንደምንከተል የሚወሰነው አንድ ተማሪ ባለበት የእሑድ ክፍል ውስጥ ነው።